ፊውዥን ምግብ ቤት ሁሉ እንዲህ ነው ወይስ እኛ የገባንበት ቤት ነው?

የአባዶ ልጅ፦

ሰላም ለሁላችሁ። ወደ ለገጣፎ በሚወስደው መንገድ አንድ ፊውዥን ሬስቶራንት (የኛንና የውጭ አገር ምግብ ቀላቅሎ የሚሰራ) ተከፍቷል፣ ስሙን አልጠራም እናንተም አትገምቱብኝ፣ ቅዳሜ ማታ ቤተሰብ ይዤ ሄጄ በጣም ነው የከፋኝ እና ሰው ልጠይቅ ብዬ ነው። እንደዚህ አይነት ቤት ሁሉም ያው ነው ወይስ ይሄኛው ነው ቀሽም? ወንድሜ "እናንተ ፋራ ስለሆናችሁ ነው፣ ፊውዥን አልገባችሁም" እያለ እስካሁን ሙድ ይይዝብናል።

የሄድነው ለአባዬ ብለን ነው። ከሐምሌ 1 ጀምሮ ጡረታ ወጥቷል፣ መስሪያ ቤቱ ካባ አልብሶ ኬክ አስቆርሶ ሸኝቶታል፣ እኛ ልጆቹ ደግሞ አዋጥተን አንድ ቀን ደህና ቦታ ወስደን እንጋብዘው ተባባልን። ቦታውን ያገኘችው ታናሽ እህቴ ናት ቲክቶክ ላይ አይታው፣ መብራቱ አበባው ምኑ ሲታይ በእውነት ያምራል። እኛ የካ አባዶ ነን፣ ቦሌ ድረስ በዝናብ ከመንከራተት ይሄ ይቀርበናል ብለን ተስማማን። አባዬ፣ እማዬ፣ እኔ፣ ባሌ፣ ልጄ፣ ወንድሜና እህቴ ሆነን ሰባት።

ጊዜው እንደምታውቁት ፍልሰታ ነው። እማዬ ትጾማለች። አባዬ የደም ግፊት መድኃኒቱን ከምግብ ጋር ስለሚወስድ የንስሐ አባቱ ፈቅደውለት አይጾምም፣ እኛንማ አትጠይቁን። ስለዚህ ቦታ ለመያዝ ስደውል መጀመሪያ የጠየቅኩት "የጾም ምግብ አላችሁ ወይ" ብዬ ነው፣ ልጅቷ "ሞልቷል፣ የሜኑአችን ግማሹ ቬጅ ነው" አለችኝ። ይህቺን ያዙልኝ እመለስባታለሁ።

የተሰጠን ቦታ በረንዳ ላይ ነው፣ በላስቲክ ተጋርዷል ግን በነሐሴ ማታ ለገጣፎ ምን አይነት ብርድ እንዳለ የምታውቁ ታውቁታላችሁ። ማሞቂያው አንድ ብቻ ነው እሱም ሌላ ጠረጴዛ ጋ። እማዬ ጋቢዋን ይዛ ባትመጣ እንጃ።

ከዛ ምግቡ አንድ በአንድ መምጣት ጀመረ። አንድ በአንድ ስል በእውነት አንድ በአንድ። መጀመሪያ የልጄ መጣ፣ ቆይቶ የእህቴ፣ ልጄ በልቶ ጨርሶ አይስክሬም እያለ ሲነዘንዝ የአባዬ ገና ነው። የግብዣው ባለቤት እኮ እሱ ነው! ሌሎቻችን ደግሞ አባዬ ሳይጀምር አንበላም ብለን ሹካ ይዘን ቁጭ፣ እሱም "ኧረ ብሉ ይቀዘቅዛል" እያለ፣ ደግሞም ቀዘቀዘ።

አባዬ ያዘዘው የዶሮ ወጥ ላዛኛ የሚባል ነው፣ ዶሮ ወጥ ስለሚወድ። የመጣው ሰፊ ሰሃን መሀል ላይ አንዲት ቁራጭ ናት፣ ዶሮው ተፈትፍቷል፣ እንቁላሉ ተከትፎ ከላይ ተነስንሷል፣ በየመሀሉ ነጭ ሶስ። አባዬ በሹካው ገለጥ ገለጥ አድርጎ አየና "ፈረሰኛው በየት በኩል ነው?" አለ። ሁላችንም ሳቅን ግን ስቀምስለት ቁሌቱ ራሱ አልበሰለም፣ ሽንኩርቱ ጥርስ ላይ ይንኮሻኮሻል፣ በርበሬው ደግሞ ቀለሙ እንጂ እሱ የለም።

ባሌ ክትፎ ሮል አዘዘ። ክትፎ በሩዝ ተጠቅልሎ እንደ ሱሺ ተቆራርጦ ላዩ ላይ አይብ ጠብ ጠብ የተደረገበት ነገር ነው፣ ከፍሪጅ ወጥቶ ቀጥታ የመጣ። ባሌ ጉራጌ ነው። በቃ ፊቱን ማየት ነበረባችሁ። አንድ ጎረሰ፣ ቅቤው አፉ ውስጥ እንደ ሻማ ረግቶ ቀረ፣ ሁለተኛውን ለወንድሜ አቀበለው፣ ወንድሜም ያ ሁሉ ፊውዥን የገባው ሰው ከአንድ በላይ አልዘለቀም።

ደህናውንም ልናገር፣ የእንጀራ ታኮ የሚሉትን ልጄ ወዶታል፣ እህቴ ግን ፎቶ አንስታ እስክትጨርስ እንጀራው በስብሶ እጇ ላይ ፈረሰ። በጀበና ቡና የተሰራ ቲራሚሱ (ክሬም ያለው የጣልያን ጣፋጭ) አላቸው፣ እሱ በእውነት በጣም አሪፍ ነበር አልዋሽም።

አሁን ወደ እማዬ። ሜኑ ላይ አረንጓዴ ቅጠል ከተሳለባቸው መሀል ሽሮ ሪዞቶ (ሪዞቶ የጣልያን የሩዝ ምግብ ነው) መረጥንላት። አስተናጋጁ ሲመጣ ራሷ "ጾም ነው አይደል የኔ ልጅ?" ብላ ጠየቀችው፣ "አዎ እናቴ፣ ቬጅ ነው" አላት በትህትና። ጥቂት እንደቀመሰች ሹካዋን አስቀመጠች። "ይሄ ነገር ቅቤ ቅቤ ይለኛል" አለች ቀስ ብላ፣ ሰው እንዳይሰማባት። ልጁን ጠራነው፣ ኩሽና ገብቶ ተመለሰና "ቅቤና ፓርሜዛን አይብ አለው፣ ስጋ ግን ምንም የለውም" አለን። እማዬ አንድ ቃል አልተናገረችም። ውሃ ጠጣች፣ ዳቦ ስናቀርብላት ዳቦውንም ተጠራጠረችው፣ በቃ እስክንወጣ ድረስ ጋቢዋን ተከናንባ የኛን መብላት ስታይ አመሸች። ማናጀሩ መጣና በጣም ይቅርታ ጠይቆ ምን ቢል ጥሩ ነው? "ለእናታችን ቲራሚሱ በነጻ እናምጣላቸው።" ለጾመኛ ክሬም!

ቢሉን ደግሞ እኔ ሜኑው ላይ ደምሬ 7,400 ብር ነበር የጠበቅኩት፣ 9,361 መጣ። አባዬ ፊት መከራከር አስጠልቶኝ ከፈልኩ።

እና ጥያቄዎቼ፣ ፊውዥን ሲባል እንዲህ ነው? ሪቪው ልጻፍባቸው ወይስ ደውዬ በጨዋ ደንብ ልንገራቸው? ደግሞ ፍልሰታ ሲፈታ አባዬን እንደገና መጋበዜ አይቀርም፣ ከአያት እስከ ለገጣፎ ባለው ምን አይነት ቤት ትመክሩኛላችሁ?

ጨው አነሰው፦

እናታችሁ ግብዣ ሄደው ጦማቸውን አደሩ ማለት ነው? ኧረ በናትሽ ቤት ገብተው እንኳን ምን በሉ?

የአባዶ ልጅ፦

ቤት ገብታ ጋቢዋን ሳታወልቅ ራሷ ሽሮ ሰራች። ከሁላችንም በላይ የበላው አባዬ ነው።

ጨው አነሰው፦

ካካካካ በቃ ግብዣው እሱ ነው እኮ

ሂሳብ ሹም፦

ስለ ምግቡ አላውቅም፣ በቢሉ ግን አልተሸወድሽም እህቴ። ሜኑው ግርጌ ላይ በደቃቅ ፊደል "ዋጋው ቫትና ሰርቪስ ቻርጅ አይጨምርም" የሚል ነገር ይኖራል፣ ሂጂና እዪው። አሰራሩ እንዲህ ነው፣ መጀመሪያ 10% ሰርቪስ ይደመራል፣ 7,400 ላይ 740 ሲገባ 8,140 ይሆናል፣ ከዛ 15% ቫቱ የሚሰላው በ7,400 ላይ ሳይሆን በ8,140 ላይ ነው፣ 1,221። ድምሩ 9,361። ሳንቲም አልተሳሳቱም። ሰው 10 እና 15 ደምሮ 25% ይላል እንጂ የሚወጣው 26.5% ነው፣ ስለዚህ እንደዚህ አይነት ቤት ስትገቢ ሜኑው ላይ 1,000 ብር ያየሽውን በልብሽ 1,265 እያልሽ አንብቢው። ሰርቪስ ቻርጅ ከፍለሽ ደግሞ ቲፕ የመስጠት ግዴታ የለብሽም፣ ልጁን ከወደድሽው ሌላ ነገር ነው።

የአባዶ ልጅ፦

ቲፕም ሰጥቻለሁ እኮ 🙈 ልጁ ምስኪን ነው፣ በዛ ዝናብ ከኩሽና በረንዳ ሲመላለስ ሸሚዙ በስብሶ ነበር

ምጣድ ሰባሪ፦

እኔ ሆቴል ኩሽና ውስጥ ነው የምሰራው፣ የሄዳችሁበት ቤት አይደለም፣ ግን ያነሳሻቸው ምግቦች ሁሉ ምን ነክቷቸው እንደሆነ ሳነብ በዓይኔ ነው የታየኝ ስለዚህ ትንሽ ላስረዳ ረዘመብኝ ብላችሁ አትቆጡ።

ከክትፎው ልጀምር። ክትፎ የሚጣፍጠው ቅቤው ቅልጥ ብሎ ስጋውን ሲያለብሰው ነው፣ ለዛ ነው ሰሃኑ ራሱ የሚሞቀው፣ ጣባ ላይ የሚቀርበው፣ ጥሬ እንኳን ቢሆን ቅዝቃዜ የለበትም። ሱሺ ደግሞ አሳ ነው፣ የአሳ ስብ በብርድም አይረጋም፣ ሩዙም በትክክል ሲሰራ ለብ እንዳለ ነው የሚቀርበው። እነዚህ ልጆች ግን ሮሉ ሲቆረጥ እንዳይፈርስባቸው ፍሪጅ ውስጥ አጠነከሩት። ቅርጹን ያስተካከለው ቅዝቃዜ ጣዕሙን ገደለው ማለት ነው። ጎመን ውስጥ ጠቅልለው ለብ አድርገው ከቆጮ ጋር ቢያመጡት ባልሽ ሁለተኛውን ለማንም አይሰጥም ነበር።

ዶሮው ላይ ሁለት ነገር አለ። አንዱ ሽንኩርቱ፣ ሽንኩርት ያለ ዘይት ውሃው እስኪመጠጥ ከዛም ሟሙቶ ሽንኩርት መሆኑ እስኪጠፋ መቁላላት አለበት፣ ይሄ ሰዓታት ይፈልጋል፣ ሰዓት የለንም ያለ ኩሽና ቶሎ በርበሬ ይጨምርበታል፣ ከዛ በኋላ ያ ሽንኩርት ምንም ብታደርጊው ጥርስ ላይ ይቀራል። ሁለተኛው ነጩ ሶስ። ወተት በርበሬ ያበርዳል፣ ሲያቃጥለን ወተት የምንጠጣው ለምን ሆነና? ስለዚህ ዶሮ ወጥን በነጭ ሶስ ስትደራርቢው ገና ከመጀመሪያው እሳቱን እያጠፋሽው ነው። በዛ ላይ አንዴ የበሰለ ዶሮ ኦቨን ገብቶ እንደገና ሲጋገር ይደርቃል። ቢቻል ሶሱ ሳስ ብሎ፣ ወጡ ወፈር ብሎ፣ እንቁላሉ ሙሉውን መሀሉ ላይ ገብቶ፣ ሲቆረጥ አስኳሉ የሚታይ ቢሆን አባትሽ ፈረሰኛውን ባያገኙም ቢያንስ እንቁላላቸውን ያገኙ ነበር።

ታኮው፣ እንጀራ ዓይን ያለው ወጥ እንዲጠጣ ነው። ጠብሰሽ ብታደርቂውም ፈሳሽ ካገኘ ይጠጣል፣ ድርቆሽን ወጥ ውስጥ ስትጨምሪው የሚሆነውን አስቢው። ደረቅ ጥብስ፣ ቃሪያ፣ ትንሽ አይብ ብቻ ከሆነ ይቆያል። መረቅ ያለው ጥብስ ከገባበት ግን ፎቶ አነሳሽም አላነሳሽም ይፈርሳል።

ሪዞቶው ግን የሚያናድደው እሱ ነው። ሪዞቶ እሳት ላይ ካለቀ በኋላ በመጨረሻ ቅቤና ፓርሜዛን ተጨምሮበት ነው የሚማታው፣ እንደዛ ነው የምንማረው፣ ልጁ ኩሽና ውስጥ የተማረውን ሰርቷል። ቅጠሏም ስጋ የለውም ለማለት ነው እንጂ ስለ ጾም የምትናገረው የለም። የሚገርመው ግን ሽሮ እኮ በራሱ ያወፍራል! ሽሮና ዘይት ካለሽ ያቺ ማማታት ጭራሽ አታስፈልግም፣ አይብ የሚጨመረው ለማወፈር ነበር፣ የሚያወፍር ነገር ድስቱ ውስጥ እያለ። ይሄን ያልጠየቀ ሼፍ ሽሮ ቤቱ ሰርቶ አያውቅም ወይም እናቱ ስትሰራ ኩሽና አልገባም። እኔ በተማርኩበት ቦታ ነጭ ሶስን ደጋግመን ሰርተናል፣ ወጥ ግን "ከቤታችሁ ታውቁታላችሁ" ተብሎ ታለፈ። ብዙዎቻችን ደግሞ አናውቀውም ነበር፣ በተለይ ወንዶቹ።

ለሚቀጥለው ጊዜ ጾም ነው ወይ ብለሽ ብቻ አትጠይቂ፣ ቅቤ አለው? ወተት አለው? አይብ? እንቁላል? እያልሽ በስም ጥሪ። በደረቁ የሚሸጠው ፓስታ አብዛኛው ዱቄትና ውሃ ነው፣ "ቤት ውስጥ የተሰራ ትኩስ ፓስታ" ያሉሽ እንደሆነ ግን ብዙ ጊዜ እንቁላል አለው። ለስላሳዋ የበርገር ዳቦም ቅቤና ወተት ትነካካለች። እናትሽ ዳቦውን መጠርጠራቸው ልክ ናቸው።

ፈጢራ በማር፦

ወላሂ እኛም ጋ ያው ነው። "ስጋው ሃላል ነው?" ስትይ "አሳማ የለውም" ብለው ይመልሱልሻል በደስታ። ወንድሜ አሳማማ እንደሌለው አውቃለሁ ማን እንዳረደው ነው የጠየቅኩህ!! ለዛ ነው ከቤተሰብ ጋር ስወጣ አሳ የማዝዘው። ሰፈር ያለች ተራ ምግብ ቤት ብትሄጂ እኮ የማን ስጋ እንደሆነ በር ላይ ተጽፎ ታገኚዋለሽ።

ሰሚት ማዶ፦

እኔ ትንሽ ልቃወም። ወንድምሽ አጉል ተናገረ እንጂ ሙሉ በሙሉ አልተሳሳተም። ከተማው ዳር ላይ ብር አፍስሶ ሌላ ነገር የሚሞክር ወጣት ሲገኝ ወዲያው በቲክቶክና በሪቪው ማውረድ ልማድ ሆኗል። ሁሌ ጥብስና ክትፎ ብቻ ይከፈት? ኢትዮጵያ ተወልዶ ስዊድን ያደገው ሼፍ ማርከስ ሳሙኤልሰን ኒውዮርክ ሃርለም ላይ እንደ አውሮፓ በ2010 ሬድ ሩስተር የተባለውን ምግብ ቤት ሲከፍት ባህል ከባህል ቀላቅሎ ነው ስሙን የተከለው፣ እሱን ስናይ እናጨበጭባለን፣ የሰፈራችን ልጅ ሲሞክር ፈረሰኛው የት አለ እንላለን። ደግሞም በየሰሃኑ ለየብቻ መቅረቡ የዚህ አይነት ቤት ደንብ ነው፣ ገበታ የፈለገ ባህል ምግብ ቤት ይሄዳል። ፍልሰታ ላይ ጾመኛ እናት ይዞ ፊውዥን ቤት መሄድስ ምን ይሉታል?

የአባዶ ልጅ፦

ወንድሜ እኔ ደውዬ ጠይቄያለሁ፣ እማዬም ራሷ ጠይቃለች፣ ሁለቴም አዎ ተብለናል። ከዚህ በላይ ምን እናድርግ ኩሽና ገብተን እናብስል? በአዲስ አበባ ጾም ስንት ቀን እንደሆነ የማያውቅ ሬስቶራንት ከፋች ካለ ደግሞ ረቡዕና አርብን በምን ሊሸጥ ነው። ልጆቹ መሞከራቸውን አልጠላሁም፣ ቲራሚሱውን አመስግኛለሁ አይደል እንዴ? ለየብቻ ይቅረብ፣ ግን አብሮ ይቅረብ።

ሰሚት ማዶ፦

ደውለሽ እንደነበረ አልፌው ነው ያነበብኩት፣ እሱ ላይ እውነት አለሽ። የቀረው ላይ አቋሜ ነው።

ድንች በቃሪያ፦

ፊውዥን ፊውዥን እያላችሁ ከውጭ ትናንት የመጣ ነገር አታስመስሉት እስቲ። በርበሬ ራሱ የአሜሪካ አህጉር ተክል ነው፣ ኮሎምበስ በ1492 ባህር ካቋረጠ በኋላ ነው ወደኛ የሚመጣበት መንገድ የተከፈተው፣ ከዛ በፊት የነበረ ሰው ቀይ ወጥ የሚባለውን አሁን በምናውቀው መልኩ አልበላውም። ድንችን ሺምፐር የተባለ ጀርመናዊ የዕፅዋት ተመራማሪ ነው እንደ አውሮፓ በ1858 ያስገባው ተብሎ የተጻፈው፣ ዛሬ በሁዳዴ ድንች ወጥ የሌለበት ገበታ አሳዩኝ። ጣልያን ከ1928 እስከ 1933 ቆይቶ ሲወጣ ፓስታው አብሮት አልወጣም፣ ፓስታን በእንጀራ ጠቅልላ ለልጆቿ ያጎረሰች እናት ደግሞ ማንንም ሼፍ አላስፈቀደችም። ፉሉ፣ ፈጢራው፣ ሳምቡሳው፣ የጾም ፒዛው፣ የጾም ኬኩ፣ ይሄ ሁሉ ምን ሊባል ነው? የጾም ፒዛማ አይብ የሌለው ፒዛ ነው፣ ጣልያን ቢያየው ያለቅሳል፣ እዚህ ግን በየሰፈሩ ይሸጣል ምክንያቱም የሚበላው ሰው ማን እንደሆነ ሻጩ ያውቃል።

ፔሩ ውስጥ ያለውን ነገር አንብባችሁ ከሆነ፣ ጃፓኖች እንደ አውሮፓ በ1899 የሸንኮራ እርሻ ላይ ሊሰሩ ሄዱ፣ እዛው ቀሩ፣ የፔሩን በሎሚ የሚዘፈዘፍ ጥሬ አሳ በራሳቸው እጅ መስራት ጀመሩ። ፔሩዎቹ አሳውን ሎሚ ውስጥ ለረጅም ሰዓት ያቆዩት ነበር፣ ጃፓኖቹ ትኩስ አሳ ስለሚያውቁ ሰዓቱን ወደ ደቂቃ አወረዱት፣ ዛሬ ፔሩዎቹ ራሳቸው እንደዛ ነው የሚበሉት። ይሄ የመጣው ጎረቤት ሆነው አንዱ የሌላውን ማዕድ ለዓመታት ቀምሰው፣ ይሄ አይሆንም ያ ይሻላል እየተባባሉ ነው። ለገጣፎ ያሉት ልጆች ደግሞ ክትፎ ሮሉን ለአንድ ጉራጌ አቅምሰው ቢሆን ኖሮ ሜኑ ላይ ከመውጣቱ በፊት እዛው በቀረ ነበር።

ጨው አነሰው፦

ባሏን ይቅጠሩት በቃ

ቆሎ ተራ፦

ስለ ሪቪው፣ ጻፊ ግን ሶስት መስመር ብቻ ይሁን። ቅጠሏ ጾም ማለት አይደለችም፣ ዋጋው ቫትና ሰርቪስ አይጨምርም፣ ማታ በረንዳው ይበርዳል። አለቀ። ሌላ ጾመኛ እናት ይዞ የሚሄድ ሰው የሚያስፈልገው ይሄ ነው፣ ስድብ ከጨመርሽበት ግን ተፎካካሪ የላካት ናት ይሉሻል። መጀመሪያ ደውለሽ ንገሪያቸው፣ ካስተካከሉ አስተካክለዋል ብለሽ ጨምሪበት።

ቦታ ላልሽው፣ ስም መጥራት አልወድም ዛሬ ጥሩ የነበረው ነገ ሼፉ ይለቅና ሌላ ቤት ይሆናል። ፍልሰታ በተፈታ ማግስት ስጋ ቤት አትውሰጃቸው እንጂ፣ በዛ ሰሞን ከአያት እስከ ካራ ያለው ስጋ ቤት ሁሉ መቀመጫ የለውም፣ አባትሽ ቆመው ወረፋ ሊጠብቁ ነው። ትንሽ ቀን አሳልፊና ለምሳ ውሰጃቸው ለእራት አይደለም። ለምሳ ከሆነ ብርድ የለም፣ ሲመለሱ የታክሲ ጣጣ የለም፣ ወጡም ጠዋት የተሰራ ትኩስ ነው። ግቢ ያለው፣ ዶሮ ወጥ በቅድሚያ ትዕዛዝ የሚሰራ ቤት ፈልጊ፣ ባለቤትየዋ ራሷ ኩሽና የምትገባበት። እንደዛ አይነት ቤት ለገጣፎም አያትም አለ፣ ቲክቶክ ላይ ግን አታገኚውም።

የአባዶ ልጅ፦

ታክሲውንማ ተዉት፣ የደወልንላቸው ሁሉ ለገጣፎ ስንላቸው "መመለሻ ሰው አላገኝም" እያሉ ዘጉብን፣ መጨረሻ የመጣው ከሚገባው እጥፍ ነው የጠየቀን፣ ለሰባት ሰው ደግሞ ሁለት መኪና።

እና አሁን ደውዬላቸው ነበር። ማናጀሩ አስታወሰኝ፣ "ጋቢ የለበሱት እናት" አለ ወዲያው። ምጣድ ሰባሪ የጻፍከውን የሪዞቶውን ነገር ቃል በቃል ነገርኩት፣ ሽሮው ራሱ ያወፍራል አይቡን ተዉት ብዬ፣ "ቆይ ልጻፈው" አለኝ የምሬን ነው። ቅጠሏን አንስተን የጾም የሆነውን ለብቻ በአማርኛ እንጽፋለን አለ። ክትፎ ሮሉን ግን ሰው እየወደደው ነው አለኝ፣ ማን እንደሆነ እንጃ። በነጻ እንድንመለስ ጋብዞናል፣ እማዬ "እኔን ተዉኝ" ብላለች፣ አባዬ ደግሞ ከሆነ በቀን ይሁንልኝ እያለ ነው። ሪቪውን ቆሎ ተራ እንዳልከው ሶስት መስመር አድርጌ ጽፌዋለሁ።

ምጣድ ሰባሪ፦

ማስተካከሉን ከሰሩት ለኔም አንድ ሰሃን ይገባኛል እንግዲህ

ፈጢራ በማር፦

እኔ የያዝኩት ቲራሚሱው ላይ ነው። እህቴ እስቲ ከሄዳችሁ አልኮል ይጨመርበት እንደሆነ ጠይቂልኝ፣ አንዳንዱ ቤት ሩም ጠብ ያደርግበታል። ከሌለው ስንት ነው ዋጋው?

የአባዶ ልጅ፦

እጠይቅልሻለሁ። ሜኑው ላይ 450 ነው።

ሂሳብ ሹም፦

569 ብር ከ25 ሳንቲም።